ድምጿን መልሱልን፦ ለአልበሙ አሳታሚዎች ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአልበሙ አሳታሚ ድርጅት
ለድምፃዊቷ ማኔጀር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሱ አልበም፣ ስለ ቀረው የድሬዳዋ ኮንሰርት እና ስለ እናቶቻችን ጭብጨባ

የተከበራችሁ አሳታሚዎች፣
የተከበሩ ማኔጀር፣

በቅድሚያ ከድሬዳዋ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ታይዋን ገበያ ካለችው ሱቄ ሆኜ ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ድሮ ካሴት ይሸጥባት ነበር። ከዚያ ሲዲ መጣ። አሁን ስልክ እጠግናለሁ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። አዎ፣ እጭናለሁ። ኋላ እናንተ ከምታነሱብኝ እኔው ቀድሜ ላውጣው። የእናንተን አልበም ግን አልጫንኩም። ለምን እንዳልጫንኩ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የምጽፈው ለራሴ ብቻ አይደለም። 34 ነን። የባጃጅ ሾፌሮች አሉን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉን፣ ሁለት ነርሶች፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አንድ አባትም አሉን። ማኅተም የለንም፣ ቢሮም የለንም። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻሂ ይዘን እንቀመጣለን፣ በቃ። ልጅቷን የምናውቃት ግን እናንተ ሳታውቋት ነው። ገንደ ቆሬ ሠርግ ቤት፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆማ፣ ማይኩ እየጮኸባት ስትዘፍን ነው የምናውቃት። ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። እናቷ ከኋላ ቆመው ጫማዋን ይይዙላት ነበር።

አድናቂ ደብዳቤ ሲጽፍ ግማሹን ገጽ በሙገሳ ይሞላል። እኛ ያንን ዘለነዋል። ያለንን ቅሬታ እንዳለ እንነግራችኋለን፣ በመጨረሻ የምንጠይቀውን እንጠይቃለን።

ከፖስተሩ ልጀምር።

አልበሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፖስተር ለቀቃችሁ። ስድስት ከተሞች ተጽፈውበታል፤ ድሬዳዋ ሦስተኛ ነበረች። የዚያን ዕለት ማታ ሰፈራችን ውስጥ የነበረውን ብታዩ ሠርግ ነው የምትሉት። በማግስቱ ትኬት በስልክ ይቆረጣል ተባለ። 34ታችንም ቆረጥን። በነፍስ ወከፍ 500 ብር፣ በጠቅላላ 17,000 ብር። ለእናንተ የአንድ ማታ የመድረክ መብራት ኪራይ ላይሆን ይችላል። የባጃጅ ሾፌር ግን ለባለንብረቱ ገቢ ካስገባ በኋላ 500 ብር የሚተርፈው በስንት ቀኑ እንደሆነ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

ከአሥር ቀን በኋላ ፖስተሩ ተቀየረ። ያው ፎቶ፣ ያው ቀለም፤ ከተሞቹ ግን አምስት ሆነዋል። የድሬዳዋ ስም በነበረበት ቦታ የስፖንሰር አርማ ገብቷል። አንድ መስመር ይቅርታ የለም። አንድ መልእክት የለም። ነርሷ ናት ያየችው፤ ሁለቱን ፖስተሮች ጎን ለጎን አድርጋ ላከችልን። መጀመሪያ ሰው የሠራው ቀልድ መስሎን ነበር።

ደወልኩ። አራት ጊዜ ጠራ፣ አልተነሳም። በአምስተኛው አንድ ወጣት አነሳ። ትሁት ልጅ ነው፣ አልዋሽም። «ወንድሜ፣ ድሬ እኮ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በርጫ ላይ ነው። ማን ኮንሰርት ይገባል?» አለኝ። ገንዘቡስ ስለው «ይመለሳል» አለ። ይህን እስከምጽፍበት ድረስ አልተመለሰም።

እናንተ ካነሳችሁት አይቀር እስቲ ስለ በርጫ፣ ስለ ከሰዓቱ የጫት ወግ፣ እናውራ። እኔ ከተውኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጨጓራዬ ነው ያስተወኝ፤ ጀግና ሆኜ አይደለም። ግን በርጫ ቤት ውስጥ ዘፈን እንዴት እንደሚደመጥ አውቃለሁ። እናንተ ጋ ዘፈን የሚደመጠው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ግማሹን ክላክስ ይበላዋል፣ ግማሹን ረዳቱ። እኛ ጋ ካሴት ሰባት ሰዓት ላይ ይገባ ነበር። አንዱ ጎን ያልቃል፣ ይገለበጣል፣ ሁለተኛው ጎን ያልቃል። «እለፈው» የሚል የለም። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ወሬው ይቆምና ግጥሙ ይመረመራል። «እስቲ ያንን ስንኝ መልሰው» የሚል ሰው አይጠፋም። ለመሙያ የተጻፈ ስንኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ተገትሮ ይቀራል፤ ሁሉም ያየዋል። አሁን ካሴቱ ቀርቶ ስልክ ሆኗል እንጂ ልማዱ ያው ነው። አንድን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጦ የሚሰማ አድማጭ ከየት ታገኛላችሁ? እሱን ነው ገበያ የለውም ብላችሁ የሰረዛችሁት። ጫት ይለመድ እያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እኛ ነን የምናውቀው። ደግሞም ኮንሰርቱ የተባለው ማታ ሁለት ሰዓት ነበር። ያኔ በርጫው አልቋል። ሙቀቱ በረድ የሚለው፣ ድሬ ከቤት የሚወጣው ራሱ ያኔ ነው።

ወደ አልበሙ።

የወጣ ሌሊት ከዚራ ተሰበሰብን። ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚለቀቀው። መብራት ጠፍቶ ነበር። አንዱ ልጅ ባጃጁን አስጠግቶ ድምፅ ማጉያዋን ከባትሪው ጋር አሰራት። ሦስት ሰው ስልኩን እያቀባበለ ኔትወርክ ፈለገ። ከዚያ 12ቱንም ዘፈን ሳናቆም ሰማን። አንደኛው ላይ ማንም አልተነፈሰም። ሁለተኛው ላይ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ነርሷ «እሷ ናት ግን?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔ ይሄን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

የልጅቷ ድምፅ ታች ሲወርድ ትንሽ ሻከር ይላል። ስንኝ ስትጨርስ ደግሞ ድምጿን ቁልቁል የምታንሸራትተው ነገር አላት። የደንገጎን ቁልቁለት እንደሚወርድ አይሱዙ። ሄደ፣ ገደል ገባ ትላለህ፤ ኩርባው ላይ ግን ይታጠፋል። ሠርግ ቤት ሰው ሹካውን አስቀምጦ ቀና የሚለው እዚያች ቦታ ላይ ነበር። አልበሙ ላይ ያቺ ቦታ የለችም። ተስተካክላለች። ጠርዟ ተልጎ ደረጃ ሆናለች፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ዘላ ታርፋለች።

ምክንያቱ ኦቶቲዩን የሚባለው ድምፅ አስተካካይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እኔ የስቱዲዮ ሰው አይደለሁም፣ ግን ሃያ ዓመት ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ። ነገሩ የወጣው በፈረንጆቹ 1997 ነው። የሠራው መሐንዲስ ከዚያ በፊት ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነበር፤ ወደ መሬት ውስጥ የተላከ ሞገድ ተመልሶ ሲመጣ ተንትኖ ከሥር ምን እንዳለ የሚያሳይ ሒሳብ ይሠራ ነበር። ያንኑ ዓይነት ሒሳብ ወደ ሰው ጉሮሮ አመጣው። በልክ ከሆነ ማንም አያውቀውም፣ ክፋትም የለውም። ፍጥነቱን ከፍ ስታደርጉት ግን እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቅርቡ ኖታ ገፍቶ ያስቀምጠዋል። ለሌላ ሙዚቃ ይሁን። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ግን አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ዘፋኝ በአምስት ድምፅ ሰው የሚያስለቅሰው በድምፆቹ መሃል ባለው መንገድ ነው። እናንተ መንገዱን ቆርጣችሁ ጣቢያዎቹን ብቻ አስቀራችሁ።

ይሄ የኔ ጆሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ ማስረጃ አለኝ፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ እዚያው አልበማችሁ ውስጥ ነው። አራተኛው ዘፈን። ክራርና እሷ ብቻ ናቸው። ከሁለተኛው ስንኝ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። የተቀመጠችበት ወንበር አንዴ ሲጥ ይላል። የክራር ተጫዋቹም ጣት አንድ ቦታ ላይ ታመልጠዋለች፣ ወዲያው ይመልሳታል። ስንኙ ሲያልቅ ደንገጎን ወረደችው። ጡረተኛው አባታችን ሦስት ጊዜ አስደገሙን። አራተኛውን ሲጠይቁ የባጃጁ ባለቤት «አባባ፣ ባትሪዬን ጨረሱት» አላቸው። ይህን ዘፈን ከማሽኑ ማን እንዳተረፈው አላውቅም። ረስታችሁት ከሆነ እሰየው። አውቃችሁ ከሆነ ደግሞ የሌሎቹ አሥራ አንዱ ነገር የባሰ ያናድዳል፤ መቻላችሁን አውቃችሁ ነዋ የተዋችሁት።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና አሥረኛው አማፒያኖ ናቸው። አማፒያኖን አንጠላም፣ የደቡብ አፍሪካ ልጆች ደህና አድርገው ሠርተውታል፣ ባጃጆቻችንም ሌት ተቀን ይጮሁበታል። ግን የሦስቱን መግቢያ ብቻ ቆርጬ ሱቄ ለሚመጡ ልጆች አሰማኋቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ የለየ የለም። አንደኛው እንዲያውም «ይሄኛው ተደገመ እኮ» አለኝ። ሁለተኛው ዘፈን ጥሩ ነው፣ ተወዷል፣ ይገባዋል። አሥራ ሁለተኛው ባይኖር ማንም አይፈልገውም።

ድምፁም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይጮሃል። ዝግ ሲል የሚሰማ ነገር የለም። ይህን ያደረጋችሁት ከሌላው ዘፈን ጎልቶ እንዲሰማ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ዩቲዩብን የመሳሰሉት ራሳቸው በጣም የሚጮኸውን ዝቅ አድርገው ከሌላው ጋር ያስተካክሉታል። ስለዚህ የተረፈው የባጃጅ ስፒከር መቅደድ ብቻ ነው።

ሰባተኛው ዘፈን ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። በስማችን የተዘፈነው እሱ ነው።

ግጥሙን የጻፈው ሰው ድሬን እንደማያውቃት በመጀመሪያው ስንኝ ይታወቃል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጎህ ሲቀድ የባቡሩ ፉጨት ይቀሰቅሰኛል ያሰኛታል። ጡረተኛው አባታችን ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ባቡር ድሬ የገባው በ1895 ነው፤ ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው፣ እውነት። እሳቸውም ወርክሾፑ ውስጥ ነው ያረጁት። ግን ያ ባቡር ፉጨቱን ካቆመ ስንት ዓመቱ! በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ለመሳፈር ራሱ ባጃጅ ይዘህ ነው የምትሄደው። ልጅቷ አሁን 22 ዓመቷ ነው። «ይህን ፉጨት እኔ እንኳ በሕልሜ ነው የምሰማው» አሉ አባባ። ዘፈኑ ስለዚያ ቢሆን ኖሮ፣ ከከተማው ጆሮ ስለጠፋው ፉጨት ቢሆን ኖሮ፣ ድሬ ታለቅስ ነበር። ከአንዱ የድሮ ዘፈን ተቀድቶ የመጣ ፉጨት ነው እንጂ የሷ አይደለም።

ይሄ እንኳ ያስቃል። ቀጣዩ አያስቅም። ሁለተኛው አንጓ ላይ ፍቅሯን ከደቻቱ ወንዝ ሙላት ጋር ታመሳስለዋለች፤ እንደ ደቻቱ ድንገት መጥተህ ውሰደኝ ትላለች። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ሳይታሰብ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከመካከላችን ፀጉር ሠሪዋ ታናሽ ወንድሟን ያጣችው ያን ሌሊት ነው። ስንኙ ሲመጣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ መንገዱን ተሻግራ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ዘፈኑን ያቆመው የለም፤ ሁላችንም ደርቀን ቀረን። እሷ እስካሁን አልበሙን አላወረደችም። ገጣሚው ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ግን አንድ የድሬ ሰው አጠገቡ ቢኖር፣ አንድ ስልክ ቢደወል፣ ይቺ ስንኝ አትወጣም ነበር።

«አቦ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ቆጥረናታል። 14 ጊዜ። እኛ ራሳችን በአንድ ዘፈን ርዝመት 14 ጊዜ አቦ አንልም፣ ተቆጥተን እንኳ። ክሊፑ ውስጥም የጀጎል ግንብ ይታያል። ጀጎል ያለው ሐረር ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ደንገጎን ወጥተህ ነው የምትደርሰው። ቀጥሎ ጅብ ሲቀለብ ይታያል። እሱም የሐረር ነው። የሐረር ወዳጆቻችን ስልክ እየደወሉ «ግንባችንን መቼ ነው የምትመልሱት?» ይሉናል። እንዲህ አድርጋችሁ ለጎረቤት መሳቂያ ዳረጋችሁን።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። ማስታወቂያው «በአራት ቋንቋ» ይል ነበር። ልጅቷ በእርግጥም ሠርግ ቤት በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ታልፍና በሱማልኛ ታወርደዋለች፣ የሐረሪ ሙሽራ ከሆነች ደግሞ በአደርኛ ትመርቃታለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሰፈሩ ነው። ዓሊ ቢራ እዚሁ ድሬ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ ገና ልጅ ሳለ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረ ሰው ነው፤ እሱም በኦሮምኛ፣ በአደርኛ፣ በሱማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በአማርኛ ሲዘፍን ኖሮ በ2015 ነው የተለየን። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው። አልበሙ ላይ ግን ከአማርኛ ውጪ ያለው ሲቆጠር ስንት ሆነ? ዘጠነኛው ዘፈን ላይ አንድ የኦሮምኛ አዝማች፣ እሱንም ተቀባዮቹ ሰባብረውት፤ አንድ የሱማልኛ ሰላምታ፤ ማብቂያው ላይ አንድ «አልሐምዱሊላህ»። አደርኛ የለም። ይሄ አራት ቋንቋ ከተባለ እኔም ታይዋን ውስጥ ቻይንኛ እችላለሁ፣ የቻርጀር ካርቶን ስለማነብ።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታ።

የአልበሙ መክፈቻ ላይ፣ ሙዚቃው ከመግባቱ በፊት፣ የሰባት ሴቶች ጭብጨባና ከበሮ አለ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከአራተኛው ዘፈን ቀጥሎ የአልበሙ ምርጥ ነገር እሱ ነው። ያ ጭብጨባ የመጣው አምና ከተደረገ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ዋዜማ ነው። ከእናንተ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ አብሯት መጥቶ ነበር፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር፤ «ለማስታወሻ ነው» ብሎ ነበር። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ድምፅ ማጉያውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

38ኛው ሰከንድ ላይ በደንብ አድምጡ። ከጭብጨባው ሥር አንዲት ሴት «ሻሂ ድገሚላቸው» ትላለች። አዴ ናቸው። ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ ያለ አዴ ከበሮ ሠርግ የለም። ስልኬን ጆሯቸው ላይ አድርጌ አሰማኋቸው። ቅመም እየለቀሙ ነበር፣ እጃቸውን በሻሻቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ሲሰሙት ሳቁ። «እኔ ዘፋኝ ሆንኩ?» አሉ። ደግመው ሰሙት። ከዚያ «ስማችንስ የት አለ?» አሉኝ።

የአልበሙን መግለጫ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ፣ ፎቶ፣ ሜካፕ፣ ልብስ፣ መኪና ያቀረበው ሰው ሳይቀር ስሙ አለ። የሰባቱ ሴቶች ስም የለም። «የድሬዳዋ እናቶች» የምትል ቃል እንኳ የለችም። አዴ ምንም አላሉም። ወደ ቅመማቸው ተመለሱ።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሕገወጥ ቅጂ ሲወጣባችሁ የምትጠቅሱት እሱን ነው። እዚያው አዋጅ ውስጥ ከዋኝ የሚባል፣ ማለትም የሚዘፍን ወይም የሚጫወት ሰውም መብት አለው፤ ሥራው ሲቀዳና ሲባዛ ፈቃዱ ይጠየቃል። ከዋኝ ለመባል መታወቂያ አይጠየቅም። አዴ ከበሮ ይዘው ሲመቱ ከዋኝ ናቸው።

ይኸው ለምን እንዳልጫንኩ ላውራ። አልበሙ የወጣ ሳምንት ስንት ባጃጅ ሱቄ በር ላይ እንደቆመ አልነግራችሁም። «አቦ፣ ጫንልኝ በቃ፣ ሃያ ብር እንካ።» አልጫንም አልኩ። የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ከፍላችሁ አውርዱ አልኩ። እንዴት እንደሚከፈል ለማያውቀው በስልኩ ላይ አሳየሁት። አንዱ ሽማግሌ ሾፌር «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሆንከው?» ብሎኝ ሄደ። ልክ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበርኩም። እኔ የእናንተን መብት ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ እናንተ የአዴን ጭብጨባ ያለ ስም ትሸጡ ነበር። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የ34 ሰው የትኬት ገንዘብ፣ 17,000 ብር፣ በተቆረጠበት ስልክ ይመለስ። ይህ ልመና አይደለም። የከፈልንበት መልእክት እያንዳንዳችን ስልክ ላይ አለ፣ ስትፈልጉ እንልካለን።

የሰባቱ እናቶች ስም በመግለጫው ላይ ይግባ፣ የሚገባቸውም ይከፈላቸው። ስንት እንደሆነ እኛ አንወስንም። አንድ ሰው ልካችሁ አነጋግሯቸው። ባዶ እጁን እንዳይመጣ ብቻ።

የሰባተኛው ዘፈን ሁለተኛ አንጓ ይቀየር። ፋይል ነው፣ ካሴት አይደለም፤ መቀየር ይቻላል። ልጅቷን ራሷን ጠይቋት፣ በአንድ ማታ ትጽፈዋለች። አባባም የባቡሩን ታሪክ ሊነግሯት ፈቃደኛ ናቸው፤ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም እንጂ። ክሊፑንም ጀጎሉን ለባለቤቱ መልሱና ከዚራን አሳዩ።

ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ሦስቱን፣ ሁለተኛውን፣ አምስተኛውንና ዘጠነኛውን፣ እንደ አራተኛው አድርጋችሁ እንደገና ልቀቁልን። ክራር፣ ወይ ኡድ፣ እሷ፣ አንድ ማይክ። ዘጠነኛውን ሙሉውን በኦሮምኛ ትዝፈነው። ወንበሩ ሲጥ ቢል ግድ የለንም።

በመጨረሻ ድሬን ወደ ፖስተሩ መልሷት። ትልቅ መድረክ አንጠይቅም። እስክሪንም ጭስም ቢቀር ይቅር። ማታ ሁለት ሰዓት፣ ከዚራ፣ ሙቀቱ ሲበርድ። ከበሮውን አዴ ይዘው ይመጣሉ፤ መብራት ከጠፋም ባጃጅ አናጣም፣ የልጁም ባትሪ ተቀይሯል። ትኬታችንን ደግሞ አዲስ እንቆርጣለን፣ የመጀመሪያው ገንዘብ ተመልሶ ከሆነ።

ለእህታችን የተለየ ደብዳቤ አልጻፍንም። ይህን ካነበበች አራተኛውን ዘፈን ሐሙስ ማታ ሁልጊዜ እንደምንከፍተው ትወቅ። እናቷ ደህና ናቸው። ያን ጫማ እስካሁን አልጣሉትም።

መልሳችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የድሬዳዋ አድናቂዎቿ ስብስብ ጸሐፊ
(በሥራዬ ስልክ ጠጋኝና ዘፈን ጫኝ)
ታይዋን ገበያ፣ ድሬዳዋ